አርባኛው ፊት

ስልጠናው ሐሙስ አለቀ፤ ሰርተፊኬቱም ታደለ፤
መኪናችን እስኪመጣ፣ አንድ ዓርብ በእጃችን ዋለ።
አራት ሆነን ወጣን፦
ኦጁሉ ከጋምቤላ፣ ቁመቱ ሰማይ ጠቀስ፣
ትርንጎ ከቢቸና፣ በአዲስ ጫማ ቀስ ቀስ፣
ጋሽ እንዳለው ሒሳብ ሹሙ፣ ለጡረታ ስድስት ወር የቀረው፣
እኔም፣ የሁሉንም ቦርሳ የምሸከመው።

ባጃጁ ለሦስት ነው፤ እኛ ግን አራት ነን።
«ግቡ!» አለ ሹፌሩ፤ ተጠጋግተን ገባን።
የኦጁሉ ጉልበት ከአገጩ ገጠመ፤
የጋሽ እንዳለው ባርኔጣ ሁለቴ ሊበር አለመ።

የፋሲል ግንብ በር ላይ አስጎብኚው ልጅ ጀመረ፤
ዓመተ ምሕረት ደረደረ፣ ንጉሥ በንጉሥ ላይ ጨመረ።
እኛ ግን እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ የሰማነውን ረስተን፣
እርግብ ስንቆጥር ቆየን፣ ከግድግዳው ጥላ ተጠግተን።
ኦጁሉ ዝቅ ያለውን በር ሳያይ በግንባሩ መታ፤
«ለነገሥታት የተሠራ ነው» ቢባል፣ እሱ ሳይረታ፣
«ታዲያ ንጉሡ አጭር ነበር?» አለና ግንባሩን አሸ፤
አስጎብኚው መልስ አጣና ወደ ቀጣዩ ክፍል ሸሸ።

ከአንበሶቹ ቤት ስንደርስ፣ ጋሽ እንዳለው ጎንበስ ብሎ ዘለቀ፤
ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፤ ኮቱ ከአቧራ ታረቀ።
«ይሄን ክፍል አውቀዋለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖርኩበት፤
ለአንበሳው ሥጋ ይገባለታል፤ ለእኔ ፋይል ነው፣ ጠዋት ጠዋት።»
ሳቅን።
እሱ ግን ቶሎ አልወጣም።

ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሄድ፣ ዳገቱ ላይ፣
የትርንጎ ተረከዝ ተገነጠለ፣ በጠራራ ፀሐይ።
ሊስትሮው አገላብጦ አየና፣ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ፤
«እህቴ፣ ይሄስ አይድንም» አለ፤ መንገደኛው በሳቅ ፈነደቀ።
አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ፣ ዋጋው በክርክር ወረደ፤
ከቀሚሷ ጋር አልሄደም፤ ከዳገቱ ጋር ግን ሄደ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማችንን አወለቅን፤
እሷ በሴቶች በር ገባች፤ እኛ በወንዶች ዘለቅን።
ጣሪያው ሁሉ ፊት ነው። ክንፍና ዓይን፣ ዓይንና ክንፍ።
«እንቁጠራቸው» አለ ኦጁሉ በሹክሹክታ፣ አንገቱን አጥፎ፤
እኔ መቶ አሥር ላይ ጠፋኝ፣ አንዱ ረድፍ ከሌላው ተላልፎ፤
ጋሽ እንዳለው፣ ሒሳብ ሹም ነውና፣ ሁለት ጊዜ ደመረ፤
ሁለት ድምር አገኘ፤ ሦስተኛውን አልሞከረ።
ትርንጎ ግን አርባ ላይ ቆመች።

ውጭ፣ ከዛፉ ሥር፣ ቆይታ ቆይታ፦
«ያ ከወጋግራው አጠገብ ያለው፣
የታናሼን ዓይን ይመስላል። ሲዋሽ እንዲያ ነበር የሚያየኝ።
በመተማ በኩል ከወጣ ሦስት ዓመቱ።
ስልኩ አይጠራም።»
ጫማችንን አሰርን። ማሰሪያው ከወትሮው ረዘመብን።

ምሳ ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ሰገነት ሥር፤
ዓርብ ነውና ትሪው ላይ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር።
ኦጁሉ የጎርጎራ ዓሣ አዘዘ፤ «ጾም ነው ወይስ ፍስክ?» ተብሎ
ክርክሩ ተነሣ፣ ከስልጠናው ይልቅ ግሎ።
«ባሮ ዳር ተወልዶ» አለ፣ «ዓሣ አልበላም ማን ይላል?»
ትርንጎ ሳቀች፤ «ያንተስ ወንዝ ኃጢአት ያጠምዳል!»
አስተናጋጇ ተሳስታ አምስት ብርጭቆ ደረደረች።
ማናችንም አልመለስንላትም።
ጋሽ እንዳለው ውሃ ሞላበት፤ ከትርንጎ ጎን አኖረው።

ሒሳብ ሲመጣ ጦርነት ሆነ፤ «በሞቴ!» «እኔ እያለሁ!» «ተው!»
የአንዱ እጅ የአንዱን ኪስ ያዘ፤ ወንበሩን ማን እንደጣለው!
አበላችን ገና አልገባም፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤
ግን እንደ ባለጸጋ ልጅ አንገት ላንገት እንታገላለን።
ለካስ ኦጁሉ፣ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ፣ ቀድሞ ከፍሎ ኖሯል፤
ግንባሩ ላይ የንጉሡ በር እንደ ማኅተም አብጦ ቀርቷል።

ማታ ከጎሃ ኮረብታ፣ ከተማው መብራቱን አንድ በአንድ ለኮሰ።
«እንቁጠር?» አለ ጋሽ እንዳለው፣ ድምፁ እያነሰ።
ትርንጎ አረንጓዴ ጫማዋን አውልቃ፣
«አንድ፣» አለች። «ሁለት።»
እንደ ሕፃን፣ በጣቷ።
ሠላሳ ዘጠኝ ስትል መብራት ሄደ።
ጎንደር በሙሉ።

ማንም ስልኩን አላበራ።
መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ
እስከ ዛሬ እንከራከራለን።