ጳጉሜ ቤት የላትም

አንድ ወረቀት ነው፣ ፊትና ጀርባ ያለው፣
ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በሩ ላይ የምለጥፈው፤
የቀረው ይታሰራል ከጀሪካን አንገት፣
ከዘይቱ ጋራ ይወጣል ገበያ፣ ከአዘዞ ጎንደር ቤት ለቤት።

«ድርጅታችን አፍ የለው፣ አንቺ አፍ ሁኚው» አሉኝ፣
አቶ ሰጠኝ ጠርተው ከደረሰኝ ጥራዝ ነቀሉኝ፤
ደሞዝ አልጨመሩም፣ እስክሪብቶ ጨመሩልኝ።

መስከረም ሲጠባ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ፣
ዓመቱን ሸነሸንሁ በማስመሪያ፣ ከታች እስከ ላይ፤
አሥራ ሁለት ቤት፣
ለየቤቱ አርእስት።
ኅዳር ስለ ኑጉ፣ ከደንቢያ ስለሚጫነው፤
ጥር ስለ ጥምቀት፣ ከተማውን እንግዳ ስለሚሞላው፤
የካቲት ለጾሙ፤ ቅቤ ከጓዳ ሲሰናበት
ያኔ ነው ዘይት የሚከብርበት፤
ግንቦት ስለ ሠራተኛው፣ ስማቸው ከነፎቶው፤
ሰኔ፦ የጥያቄ ምልክት። ይመጣል ብዬ ተውኩት ለጊዜው።

እኔ «ተሰበረ» ስል አቶ ሰጠኝ በቀይ «እድሳት ላይ ነው» አሉት፣
«ዘገየ» ያልኩትን «በሂደት ላይ» አደረጉት፣
«አለቀ» የምትል ትንሽ ቃል ነበረች፣
በእሳቸው እጅ አድጋ «ተፈላጊነቱ ጨመረ» ሆነች።

ማን ምን እንደሚያነብ ያሳየኝ ጋሽ ፈንቴ ነው፣ ዘበኛው፣
መነጽሩ በሲባጎ የታሰረው፤
የፊቱን «ራዕያችን» በዓይኑ ይዘልና
ከጀርባ፣ ከታች ጥግ፣ ጣቱን ያሳርፍና
«የጠፋ ቁልፍ ተገኝቷል» ብሎ ሲጮኽ ለሁሉ፣
ጫኞቹ በሙሉ ኪሳቸውን ይዳስሳሉ።
ያን ቀን ገባኝ ሥራዬ፦ ኪስ የማያስዳስስ ቃል
ሙጫ ያባክናል እንጂ፣ በር ላይ ደርቆ ይቀራል።

በሐምሌ ጭቃ፣ ባጃጁ ሦስቴ ቆሞባት፣
ጥሩዬ መጣች ከአራዳ፤ ጀሪካን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ክዳኑን በፌስታል አስራበት።
ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችው፣ ወረቀቴን ከጎኑ ዘረጋች፣
«ይኼ ‹ጥራት› ይላል፣ ይኼኛው አተላ ነው። የቱን ልሽጥ?» አለች።

አዛናው ከመጭመቂያው ወጣ፣ እጁን በጆንያ እየጠረገ፣
«የማጣሪያው ጨርቅ ተቀዷል፤ ከሰኔ ሁለት ወዲህ…» ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
«በቃል ተናግሬያለሁ፤
የጻፈው ግን የለም።» እኔን አየኝ። ዝም አልሁ።

ከኑግ የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል ይባላል፤
ሰሊጥ ነኝ እንዳልል፣ «ንጹሕ» የሚለው የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ይታያል።

ጻፍሁት እንግዲህ። በቀይ ሰረዙት ከአናቱ እስከ እግሩ፣
«ነሐሴ የበጎ ሥራ ነው፤ ዕቅድሽን እዪው» ብለው ወጡ ከበሩ።
ዕቅዴን አየሁት። አሥራ ሁለት ቤት፣ ቀጥ ያለ መስመር።
ጳጉሜን ረስቻት ነበር።

አምስት ቀን፤
አርእስት ያልወጣላት፣ ቤት ያልመታሁላት፣
ቀይ ቀለም ያልነካት፣
ደሞዝ እንኳ የማይከፈልባት!

ሩፋኤል ሐሙስ ዋለ። ልጆች በዝናቡ ይታጠባሉ፣
አቶ ሰጠኝ በግ ፍለጋ ደባርቅ ወጥተዋል አሉ።
እኔ ለጠፍሁ፦

«ከሰኔ ሁለት ወዲህ የወጣው ዘይት ደፍርሷል።
ጨርቁ ተቀዶ ነው። መልሱልን፤ ይቀየራል።
ደጊቱ፣ ሂሳብ ክፍል።»

«ይቀየራል» ስል ማንንም አላስፈቀድሁ፤
ሙጫው እስኪደርቅ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ ፈንቴ አነበበው፣ አንዴ በዝምታ፣ አንዴ በጩኸት፤
ጫኞቹ ኪሳቸውን አልዳሰሱም፤ ተያዩ፤ አንዱ ወደ ቤቱ ሮጠ ከምሳ በፊት።
ቅዳሜ ሲነጋ፣ ቢጫ ጀሪካን የጫነ ባጃጅ ሁሉ ተሰልፎ ነው፣
እስከ አስፋልቱ ደረሰ፤ ቆጠርሁ፣ ሰባ ስድስት ነው።

መስከረም ሁለት ተመልሰው አቶ ሰጠኝ ወረቀቱ ፊት ቆሙ፣
ቀዩን መዘዙ፤ «ሂሳብ»ን «ሒሳብ» ብለው አንዲት ፊደል አረሙ፣
ገቡ ቢሯቸው።
ሌላ ቃል አልወጣቸው።

አዲሱን ዓመት አሰመርሁት፣ አሥራ ሦስት ቤት ሠርቼ፣
የመጨረሻዋን ባዶ ትቼ።
አይተዋታል፤ ምንም አላሉም።
አዛናው በአቡጀዲ ደርቦ ያጣራል፤ ጨርቁ እስከ ዛሬ አልመጣም።