ኘ የሌላት

ቺሎዌ ደሴት፣ ከጀልባው መሰላል ጫፍ
ላፕቶፗ ከእጇ አመለጠች፤ ቀጭ ሲል ብረቱ ተሰማ፣
ድንች የጫነ መኪናም ጥጓን ረገጠ በጎማ።
"በቃ፣ ለዓሣ ጣያት" አላት ባለ ጀልባው።
ኤዱቪና ግን አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣
የተገነጠለ ማጠፊያዋን በመረብ ክር አሰረች፣
ቁልፉን ተጫነች።
በራች።

ስክሪኗ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ገባር የበዛበት ወንዝ ይመስላል።
የጠፋችው አንዲት ፊደል ናት፦ ኘ።
በዚያ አገር ቋንቋ "ነገ" "ማኛና" ነው፤
ያለ ኘ አይጻፍም።
እናም ዛጎል በዱቤ ወስዶ ለዘገየ ሁሉ
ዘንድሮ የምትልከው ደብዳቤ አጠረ፦
"ዛሬ።"

ሽማግሌው ሬሚሂዮ ሦስት ዓመት የከረመ ዕዳውን ቆጥሮ ከፈለ፤
ሲወጣ በሩ ላይ አጉረመረመ፦
"ምነው ያ መኪና ጨርሶ በሰበራት!"