ሦስት ደቂቃ

ጥቅምት ላይ ነው የመጣው፣ ውርጭ ገብሱን የመታ ሰሞን፣
በማዳበሪያ ጆንያ አሥራ አንድ ጥራዝ ጭኖ አህያውን።
መሐል ሜዳ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመና
«ለቤተ መጻሕፍቱ» አለኝ፣ የጆንያውን አፍ ፈታና፤
«የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ነው፣ የአሥር ዓመት ወሬ፤
አይጥ ጀምሮታል፤ ሳይጨርሰው ልስጥህ ዛሬ።»

ማንም እንደማያነበው አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።
ከባዮሎጂው ቀጥሎ፣ ከታች፣ ቦታው ይበቃል
ብዬ ደረደርሁት።

ኅዳር ላይ ተማሪው ለአጨዳ ወጥቶ ክፍሉ ጭር ሲል
ባናዬን ደርቤ ስሙን ፍለጋ ገባሁ፣ ቅጠል በቅጠል።

ጥራዝ አንድ።
«የተከበሩ አቶ ይፍሩ፦ አመሰግናለሁ፣ የተከበሩ አፈ ጉባኤ።
የሞፈር ውሃ ድልድይ…»
(ሰዓት አልቋል።)

ጥራዝ ሁለት።
«የተከበሩ አቶ ይፈሩ፦ አመሰግናለሁ። ባለፈው ያልጨረስሁት…»
«ከአጀንዳው ጋር ይገናኛል?»
(ሳቅ።)

ጥራዝ አምስት፤ የቡና ቀረጥ።
«እኛ ዘንድ ቡና አይበቅልም። ቢበቅልም ግን
የሚያሻግረው ድልድይ…»
(ሳቅ።)

የተናገረው ግማሹ ነጠብጣብ ነው፤ ሳቁ ግን ሙሉ፣
በቅንፍ ታጥሮ ተቀምጧል፣ ፊደል ሳይጎድል ከቃሉ።
ስሙን እንኳ ሦስት ቦታ «ይፈሩ» ብለው ጽፈውታል።
እናቱ «ይፍሩ» ስትለው ባላንጣ አስባ ነበር፤
እንኳን ባላንጣ ሊፈራው፣
አፈ ጉባኤውም አይጠራው፣ በስህተት በቀር።

እኛስ? ወይዘሮ አስካለ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣
ካሜራው ወደ ኋላ ወንበር ዞር ባለ ቁጥር
አንገታችንን አስግገን፦ «ያውና! ከምሰሶው ጥግ!»
«ተኝቷል።» «ኧረ ይጽፋል።»
በመለኪያ አረቄ ተወራርደን፤
«አነሣ! እጁን አነሣ!»
ጆሮውን ሊያክ ኖሯል ለካ፤
ሒሳቡን እኔ ከፈልሁ።

ጥራዝ ዘጠኝ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ግን
እጄ ቆመ።
ረቂቁ፦ «ለመንገድ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ
ካሳ ሊከፈለው ይችላል።»
«የተከበሩ አቶ ይፍሩ፦ አመሰግናለሁ። ድልድዩን ዛሬ አላነሣም።
‹ይችላል› ትውጣልኝ። እኛ አገር ‹ይችላል› የሚባለው ለዝናብ ነው።
‹ይከፈለዋል› ይባል።»
«የሚደግፍ? … ተደግፏል። ወደሚቀጥለው።»

ሳቅ አልተጻፈም።
ከሦስት ደቂቃው ሁለት ከሩብ ተርፎት ተቀምጧል።

ወይዘሮ ይታይሽን አስታወስሁ፣ የማማ ምድሯን፣
ጥርጊያው መሐል ለመሐል ሲሰነጥቀው የገብስ ማሳዋን።
ወረዳ ሄዳ የቆመች ለት፣ ገንዘብ ያዡ መነጽሩን አውርዶ
መስመሩን በጣቱ ተከተለው፣ እስከ አራት ነጥቡ ወርዶ፤
የሚያመልጥበት ቃል ፈለገ። አጣ። ቆጠረላት።
ሰባት በግና የጣሪያ ቆርቆሮ ገዛችበት።
ማን ረዳሽ ሲሏት «ጻድቃኔ ማርያም» ትላለች፤
ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ምን አውቄ።

የካቲት፣ በልጉ ሲገባ፣ ቅዳሜ ገበያ መጣ።
«አገኘሁት» አልሁት፣ «ገጹን!»
«ድልድዩን ነው?» አለ፣ ቀና አድርጎ ፊቱን።
«አይደለም፤ ‹ይችላል›ን፣ አንዲት ቃል፣ ያስወጡበት።»
አሰበ። ደግሞ አሰበ። «እንጃ» አለ፤
ትዝ አላለችውም፣ ቀኒት።

እስከ ወንዙ ሸኘሁት። ዳር ሲደርስ ጎንበስ አለና
የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ሱሪውን ጠቀለለና
አህያውን አስቀድሞ ገባ፤ ውሃው እስከ ጉልበቱ።
ከመሐል ዞሮ አንድ ነገር አለኝ። ሞፈር ውሃ ጮኸበት፤
«አመሰግናለሁ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማኋት።