ቃለ ጉባኤ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከሴራሚክ መደብሩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
አጀንዳ ሁለት፦ ሎጂክ ከካሪኩለሙ ይውጣ ወይስ ይዝለቅ።
«ገበያው አይጠይቀውም» አሉ ዲኑ፤
የአካውንቲንጎቹ አንገት ነቅነቅ፣ ነቅነቅ።

ስንሻው ተነሳ፣ እጅጌው ጠመኔ፤
«ሁለት ክሬዲት ሰዓት ናት፣ ማንን…»
ሲኖትራክ አለፈ፣ መስኮቱ ተርገፈገፈ፤
የቀረው ቃል ከአቧራው ጋር አለፈ።

«እጅ እናውጣ» ሲባል መብራት ሄደ።
ዲኑ በጨለማው ቆጠሩ፦
ዘጠኝ ይውጣ፣ አንድ ይቆይ።
ስንሻው ሳቀ፦
«ካልታየ እጅ የተመዘዘ ድምዳሜ!
ይቺኑ ነበር በአራተኛው ሳምንት የማስተምረው።»

እኔ ጸሐፊዋ፣ በስልኬ መብራት፣
«በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ፤
ከዚያ የተገኙትን ስም ቆጠርኩ፦
ዲኑን ጨምሮ አስር ነን።

የእኔ እጅ ግን
ብዕር ይዞ ነበር።