የሐሙስ ቁም ሣጥን

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ቅዳሴው ሲያበቃ፣
ቼንሳ ትከፍታለች፣ ሰዓቷን ጠብቃ፣
የዕቃ ቤቱን ቁም ሣጥን፣ ሰም ሰም የሚሸተውን፣
አይጥ ጠርዙን በልቶ ገድሉን የተወውን።
መነጽሯ በክር ከአንገቷ ተንጠልጥሎ፣
«ዛሬስ የቱን፣ ዊስቲን?» ይላል ዐይኗ ቶሎ።

ምን ልበላት እኔ? ሠላሳ ሁለት ዓመት
ጎዞ ወደብ ላይ ሞተር ስቀባ ቅባት፣
የብሎን ልክ እንጂ የነፍስ ልክ አላውቅ፤
የቱ ቁልፍ ይገጥማል ስትላላ፣ ስትጠብቅ?

ያለፈው ስለ አንድ ባሕታዊ ነበረ፣
ዋሻ ውስጥ አርባ ዓመት ሽምብራ የቆጠረ፤
ስንቱን ጋኔን ረታ! እኔ ግን ሳነበው
ልቤን የጨነቀው ዋሻው ማፍሰሱ ነው።

ወፍራሙን አነሣሁ፤ ስለ ዝምታ ነው፤
ስድስት መቶ ገጽ ሙሉ «ዝም በል» የሚለው።
ዜዛ፣ ነፍሷን ይማር፣ ባንድ ዐይኗ አይታ
ትጨርሰው ነበር ሁሉን ባንዲት ማታ።
መለስኩት። ከጎኑ የመነኩሲት ደብዳቤ፤
ማር በማር ነው ሁሉ፤ ታከተብኝ ልቤ።
ስለ መልካም ሞትም አንድ አለ፣ ጥቁሩ፣
ሽማግሌ ሲያሸው የተላጠ ዳሩ።
እሱስ ይቆይ ጥቂት፤ አልቸኩልም እኔ፤
ጣራው ሳይጠገን፣ ሳይቆረጥ ወይኔ።

አባ ካርምኑማ ስናዘዝ ነግረውኛል፦
«አታማርጥ ዊስቲን፤ የጠላኸውን ውሰድ፤
መድኃኒት በጣዕሙ መቼ ነው የሚወደድ?»
እውነት ነው። ችግሩ፣ የጠላሁት በዝቷል።

ዜዛ ግን ስትመርጥ ዐይኗን ትጨፍናለች፣
አውራ ጣቷን ሰዳ «ይኸው የኔ» ትላለች።
ይሆንላት ነበር። አንዴ ብቻ ሳተች፤
የወጥ ቤት መጽሐፍ ነው፣ ማን እዚያ እንዳኖረው፤
እሱንም ተንበርክካ፣ በጉልበቷ ጨረሰች።

ቼንሳ ቁልፏን ነካች፤ መሸ ማለቷ ነው።
ለይምሰል አንድ ሳብኩ፣ ፕላስተር የያዘው።
ስለ ድርቀት ነበር፦ ጸሎት እንቢ ሲል፣
መቁጠሪያ በእጅ እያለ ልብ ወደብ ሲውል።
ከኋላ በኪሱ የተዋሾች ካርድ፣
ስም ከስም በታች ቁልቁል የሚወርድ፤
በሱ ላይ ግን ያለው፣ በሰማያዊ ቀለም፣
ጃንማሪ። ጃንማሪ።
ጃንማሪ። ሌላ የለም።

ጃንማሪ! የአጥሬን ድንጋይ አንድ ክንድ የገፋ፣
በፍርድ ቤት ደጃፍ ገንዘቤን ያጠፋ!
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ «ሰላም ተሰጣጡ»
ሲባል በቅዳሴ፣ ሌሎች ሲጨባበጡ፣
እሱ ወደ ቀኙ፣ እኔ ወደ ግራ፤
ክርስቶስ በመሐል እጁን እንደዘረጋ።

ቀኖቹን አየሁ።
አንደኛው፣ ልጁ ሳቨር አውስትራሊያ የሄደ ሰሞን።
ሁለተኛው ክረምት ነው፤ እንጃ ምክንያቱን።
ሦስተኛውን ቀን ግን ዐውቀዋለሁ፤
በእብነ በረድ አስቀርጬው በየእሑዱ አጥበዋለሁ።
ዜዛ ያረፈችበት።
«ቀብሯ ላይ አልቆመም» ብዬ ስንቴ አማሁት!

ገጽ አርባ ሦስት ላይ እርሳስ አርፎበታል፤
አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ግማሹ ተሰምሯል።
ምን እንደሚል አልናገርም፤ የሱ ነው።

«ያንን?» አለች ቼንሳ፣ ቅንድቧን አንሥታ፤
«ያንን» አልኩኝ፤ ጻፍኩኝ ስሜን በዝግታ
ከስሙ በታች፣ በጠባቧ መስመር፤
እንዲህ ተጠጋግተን፣ ያለ ድንጋይ አጥር፣
ኖረን አናውቅም ነበር።

ወደ ቤት ሳዘግም ደጃፉ ላይ አለ፣
መብራቱ ከኋላው፣ መረብ እያስተካከለ።
ብብቴን በጎን አየት አድርጎ፣ ፕላስተሩን ለይቶ፣
«እስከ ሠላሳኛው ገጽ ይከብዳል» አለ፣
ለድንጋዩ።
እኔም ለድንጋዩ፣
«ዐውቃለሁ» አልኩት።

ገና አንድ ፊደል እንኳ አላነበብኩም።