የጣቢያው ዘበኛ

ቪዲዮውን ሐምዲያ አመጣችው፣ በፍላሽ ገልብጣ፣
ከአምስተኛ ዓመት ልጆች ለምና፣ ሁለት ሳምቡሳ ሰጥታ።
ሳቢያን ላይ መብራት የለም፤ ማራገቢያው ቆሟል፤
የላፕቶፑ ባትሪ ቀልቷል፤ ጀርባችን በላብ ርሷል፤
እኛ ግን እናያለን፦

በረዶ የወረደበት ከተማ፣ ጣሪያው የሾለ ቤት፣
ወይን የጫነ ጋሪ፣ ጋሪው ላይ የተኛች ድመት።
"ድመቷ ለምን መጣች?" ስላት፣ "በነሱ ቋንቋ ስሟ
የኢንዛይሙን ስም ይጀምራል" አለች፤ ይብላኝ ለድካሟ።
ጠዋት ሲጠይቁኝ በረዶው ብቻ ትዝ ይለኛል።
በረዶን እኔ የማውቀው ብርጭቆ ውስጥ ነው፤
ያውም ድሬ ላይ፣ ቶሎ ያልቃል።

"አቦ ተነሺ" አለች፣ "የራሳችንን እንሳለው፤
ይቺ ከተማ ምን አጣች? ሁሉም ተህዋስ ቤት አለው።"

ፀሐይ ሳትበረታ ወጣን።
ከቀፊራ ቅስት ሥር ስታፍን አስቀመጥነው፣
ወርቃማ የወይን ዘለላ፣ በሐምራዊ ሻሽ አሰርነው፤
ካታሌዝን ጫት ሻጭ አደረግናት፣ አፏን አረፋ ሞላን፣
"ካት"ን ወደ "ጫት" አዙረን፣ ብርቱካን እየበላን።

ኮሌራ ላይ ተጣላን።
መጽሐፉ "እንደ ነጠላ ሰረዝ የጎበጠ" ይላል፤
የኛ ነጠላ ሰረዝ መች ጎብጦ ያውቃል?
ሁለት ነጥብ ነው፣ አናቱ ላይ ጭረት የተሸከመ።
እሷ "ማጭድ" አለች፤ እኔ "የደንገጎ ኩርባ"።
ደንገጎ አሸነፈ፤ ኩርባው ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ፣
ከሥሩ የሩዝ እጣቢ፣
እስከ ደቻቱ አሸዋ ድረስ እየተመመ።

ቴታነስ ቀረ።
"የዛገ ነገር" አለች። የዛገማ ባቡር ጣቢያው ነው፤
የድሮው ሐዲድ፣ የወላለቀው ችንካር፣
በሩም ላይ ሮብሌ፣ ዘበኛው።
የከበሮ መምቻ አስያዝነው (ባክቴሪያው መልኩ እንደዚያ ነው፣ ጫፉ ያበጠ)፣
መንጋጋውን እንደ በሩ ቆለፍነው፤
የብረት በሩን ጓ አድርጎ ዘጋና በኛ ሳቀ፣
ምን እንደምንስል መች ጠየቀ።

የፈተናው ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ከተማውን ዞርኩ፤
ከሰባ ጥያቄ ስልሳ ስድስት መለስኩ።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ድል ጮራ፣ ድንገተኛ ክፍል፣
ባጃጅ አንድ ሽማግሌ አወረደ፤ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል።
"ችንካር ወግቶት ነው" አለች ሴት ልጁ፣ "አሥር ቀን ሆኖታል።"
ሮብሌ።
ፈገግ ያለልኝ መስሎኝ ሰላም ልለው እጄን አነሳሁ።
ፈገግታ አልነበረም።

ዶክተር ነጂብ ጥያቄውን ሳይጨርስ መለስኩ።
"ጎበዝ" አለኝ፤ ጉብዝናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤
መንጋጋውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤
ሥዕሉ ደብተሬ ላይ ነበረ።

መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው።
ኮሽ ሲል ጀርባው እንደ ቀፊራ ቅስት ይጎብጣል፤
ሐምዲያ ደጅ ቆማ ባለባጃጆቹን ትለምናለች፣
"አቦ፣ ጡሩምባ ይቅር፣ ሰው ተኝቷል።"
እኔ በሩን በሁለት እጄ ይዤ እዘጋለሁ፣
ልክ እንደሱ እንዳልሆን፣ ብረት ከብረት እንዳላጋጭ።
ከንፈሩን በረጠበ ጨርቅ እነካለሁ።
ሥዕል ውኃ እንደሚጠማው ማንም አልነገረኝም።

ማታ ደብተሬን ገልጬ ላጲስ አነሳሁ፤
ላጥፋው አልኩ፤ ባጠፋው ግን መልሱን እረሳለሁ፤
ነገ ሌላ እግር ይመጣል፣ ሌላ ችንካር።
ተውኩት።
የጣቢያውን በር ብቻ ትንሽ ገርበብ አደረግኩት፣
ጣት የምታስገባ ያህል።

ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው።