ያዝ ለቀቅ

ከኤረር በር ገባ ብሎ፣ ግንቡን ግንቡን ሲሄዱ፣
አህያ እስኪያልፍ ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት መንገዱ፣
ከአይ ሸምሲያ ግቢ ጓዳ ተከራይቼ
አመሽ ነበር አፈር ተሸክሜ፣ ከመስክ መጥቼ።

«አፈር ደግሞ ይመረመራል? ደሞዝስ ይበላበታል ወይ?»
አሉኝ አንድ ማታ፣ ከስፌታቸው ቀና ብለው ወደ ላይ።
አጠገባቸው ድስት ነበር፣ አክርማ የተነከረበት፣
ሐምሳ ዓመት ሙሉ መዳፋቸው የከረመበት።
«ቅሪቱን አይድፉት» አልኩ።

ሁለት ጣሳ አመጣሁ፣ ከሥር በምስማር የተበሳ።
በአንዱ የደቻቱን አሸዋ፣ ወንዝነቱን ጎርፍ ካልመጣ የሚረሳ፤
በሌላው የኤረርን ዋልካ፣
ደርቆ ሲሰነጠቅ በትር የሚውጠውን።
ቀለሙን ከላይ አፈሰስን።

አሸዋው እንደ መንገደኛ፣ የሰጡትን ሳያይ አሳለፈ፤
ወይን ጠጅ ገባ፣ ወይን ጠጅ ወጣ፣ ኩባያው ውስጥ አረፈ።
ዋልካው ዘገየ። «ጠጣው» አሉ።
ኋላ ጠብ። ጠብ። ከምንጭ እንደ ተቀዳ የጠራ።
«ያ ሁሉ ቀለምስ? ለማን ተሰጠ በአደራ?»

አልጠጣውም፣ ይዞት ነው።
ከዱቄት የላመው ሸክላ እልፍ እጅ አለው፤
ውሃ አሟምቶ የሚያመጣውን፣ ኖራውን፣ ፖታሽየሙን፣
ሲያልፍ ጨበጥ ያደርገዋል የቀሚሱን ጫፍ።
አጥብቆም አይደለም፤ ቢያጠብቅማ ሥር ምን ይበላ ነበር?
ያዝ ለቀቅ ነው ሥራው፤ ሥር መጥቶ የራሱን ሲያኖር፣
ጎምዘዝ ያለች፣ ከምንም ያነሰች ነገር፣
ቆጥሮ ይቀበልና ልኩን ይመልሳል።
የጨው ውሃ ጨመርኩበት፤
ቀለሙ ጥቂት፣ ፈዘዝ ብሎ፣ ብቅ አለ።

«ይሄማ የአባቴ ሱቅ ነው!» ሳቁ።
«ቅቤ ይዞ ስኳር፣ ስኳር ይዞ ጨው።»

ሁሉን ግን አይዝም፣ አልኩ፤
ናይትሬት የሚሉት አለ፣ እጅ የማይሰጥ፤
ከሸክላው ጋር ጠባያቸው አንድ ስለሆነ ይገፋፋሉ፣
ዝናብ በጣለ ቁጥር ይወርዳል፣ እስከ ጉድጓድ ውሃ ድረስ።

ሳቃቸው ቆመ። አክርማውን በጣታቸው ጠመዘዙ።
«ኢድሪስን ነገርከኝ» አሉ። «ወንድሜን።
ከአባታችን ቁርጥ አንድ ጠባይ።
ድሬ ወርዶ ባቡር ያዘ፤ በዚያው።»

ሲነጋ በዋልካው ጣሳ በሶብላ ተተክሏል።
የአሸዋውም አልተደፋም፤
ከደፉ ሥር ቆሟል፤ ውዱእ አድርገው ሲመለሱ
የቀረችውን ውሃ ጠብ ያደርጉበታል፣
ጎንበስ ብለውም ያያሉ፣
ከሥሩ ምን እንደሚወጣ።